አልሙኒየምን ቤት ውስጥ ለመበየድ የትኛው ጋዝ ይሻላል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የፍሪጅ ጥገና እየተማርኩ ነው። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ትንንሽ ሥራ እሞክራለሁ። የአልሙኒየም ቱቦና ቁርጥራጭ ላሜራ ለማያያዝ በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል የተባለ ዘንግ ከመርካቶ ገዛሁ። በእጅ በምትያዘው የቡቴን ቶርች ስሞክር ዘንጉ እየተድበለበለ ይወድቃል እንጂ አይዝም። አንዱ ጓደኛዬ እሳትህ ደካማ ነው፣ አሴቲሊን ያስፈልግሃል አለኝ። ሌላው የኩሽናውን ሲሊንደር ተጠቀም ይላል። የትኛውን ጋዝ ልያዝ? የመጀመሪያ ሥራዬ የእናቴ ፍሪጅ ነው። በረዶ ሲፈነቀል ፍሪዘሩ በቢላ ተበስቷል።»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ለአንተ ሥራ የማብሰያው ጋዝ፣ ኤልፒጂው፣ ይበቃል። ግን ከምድጃው ሬጉላተር ጋር አይሆንም፤ የራሱ ሬጉላተርና የራሱ ቶርች ይፈልጋል። አሴቲሊኑን እርሳው። የቡቴን ቶርችህን አትጣላት፣ ለቀጭን ነገር ትሆንሃለች። የእናትህን ፍሪጅ ግን ለጊዜው በምንም እሳት አትንካው። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ።

እዚህ ላይ ብየዳ የምለው ዋናውን እቃ ሳናቀልጥ መሙያ ዘንግ አቅልጦ ማያያዝን ነው። ሞያተኛው ብሬዚንግ ይለዋል። ቁጥሮቼ ሁሉ በሴልሺየስ ናቸው።

ጓደኛህ «እሳትህ ደካማ ነው» ሲል ግማሹን ልክ ብሏል። ያልገባው ድካሙ የት እንዳለ ነው። ንጹሕ አልሙኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው። ቡቴን ከአየር ጋር ብቻ ሲነድ ነበልባሉ ወደ 1970 ይደርሳል። ፕሮፔንም እዚያው አካባቢ ነው፣ 1980 ገደማ። አሴቲሊን ከኦክስጅን ጋር ከ3100 ያልፋል። በጣም ደካማ የተባለው እንኳ አልሙኒየሙ ከሚፈልገው ሦስት እጥፍ ገደማ ይሞቃል ማለት ነው። ስለዚህ የሙቀት ዲግሪ አልጎደለህም። የጎደለህ የሙቀት መጠን ነው። የክብሪት እሳት ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት እጅግ ይበልጣል፤ ጀበና ግን አያፈላልህም።

አልሙኒየም ደግሞ ሙቀት አሳላፊ ነው። ከተራ ብረት አራት አምስት እጥፍ ያሳልፋል። አንዱን ጫፍ ስታሞቅ ሙቀቱ ወዲያው ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል፣ ከዚያ ወደ አየሩ፣ ከዚያ እቃውን ወደያዘው ማጥበቂያ፣ ወደ ሞርሳው። ቶርችህ ከሚሮጠው በላይ ካልሰጠ፣ ቁጭ ብለህ እስኪነጋ ብታሞቀው መገጣጠሚያው ከአንድ ደረጃ አያልፍም።

ይህን በቁጥር እንየው። በሰዓት 100 ግራም ጋዝ የሚያነድ ቶርች ወደ 1.3 ኪሎዋት ይሰጣል። ከዚያ ውስጥ እቃው ላይ የሚቀረው ትንሹ ነው፤ አብዛኛው በጎንና በላይ አልፎ ይሄዳል። ግማሽ ኪሎ አልሙኒየም ከክፍል ሙቀት ተነስቶ 580 ላይ እንዲደርስ ወደ 270 ኪሎጁል መዋጥ አለበት። ከቶርቹ ሙቀት ከአምስት እጅ አንዱ እቃው ውስጥ ይገባል ብንል፣ ከአንድ ሩብ ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እቃው መልሶ የሚያጣውን ስትጨምርበት ጭራሽ ላይደርስ ይችላል። በሰዓት ግማሽ ኪሎ የሚያነድ ቶርች ግን ከ6 ኪሎዋት በላይ ይሰጣል። ያው ሥራ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ጋዙ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚነደው መጠን ነው።

በተቃራኒው የጣት ውፍረት ያላት፣ ግድግዳዋ አንድ ሚሊሜትር የሆነች ቱቦ ጥቂት ግራም ብቻ ናት። ለእሷ ያለህ ቶርች ይበቃል። ዘንግህ የተድበለበለው በቱቦ ላይ ከሆነ እንግዲህ ችግሩ ጋዙ አይደለም። እሱን ቀጥሎ አነሳዋለሁ፤ መጀመሪያ የጋዙን ነገር እንጨርስ።

የቡቴኗ ቆርቆሮ አንድ ጠባይ አላት። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት የሚወስደው ከራሱ ነው። ረዘም አድርገህ ስትጠቀም ቆርቆሮዋ ትቀዘቅዛለች፣ ላቧ ይወጣል፣ ነበልባሏም እየሟሸሸ ይሄዳል። ቡቴን በባሕር ወለል ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈላው። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 42 ላይ ይፈላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ከ10 ዲግሪ በታች ስትወርድ ልዩነቱ በእጅህ ላይ ይታወቅሃል። ኤልፒጂ የሁለቱ ድብልቅ ስለሆነ፣ ደግሞም ትልቅ ሲሊንደር ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ፣ ግፊቱ ይቆያል። ነበልባሉ ሲደክም ቆርቆሮዋን በእሳት የሚያሞቅ ሰው አይቻለሁ። አንተ ያንን አታድርግ። ገልብጠህም አትያዛት፤ ፈሳሹ በአፍንጫዋ ይመጣና ግማሽ ሜትር ቢጫ እሳት ትተፋብሃለች።

አሁን ስለ ከፍታችን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ለዚህ ነው። ለቶርችም ትርጉም አለው። አየር የሚስብ ቶርች፣ ማለትም ጎኑ ላይ ቀዳዳ ያለውና ኦክስጅን የማይጠቀመው፣ እዚህ የሚስበው አየር የሳሳ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ቦታ ታስቦ የተሠራ ቶርች እዚህ ጋዝ ይበዛበታል። ምልክቱ ቢጫ ጫፍ፣ ጥቀርሻና የሚንሳፈፍ ረጅም ነበልባል ነው። መፍትሔው የአየር ቀለበቱን ከፈት ማድረግ ነው። ቀለበት ከሌለው ግፊቱን ትንሽ ቀንስ፣ ወይም ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር (ጋዙ የሚወጣበት ቀጭን አፍንጫ) አስገባ። ዕቃ ሻጩ «ይህ እኮ ጀርመን ነው» ሲልህ፣ ጀርመን ሆኖም በእኛ ከፍታ ቢጫ ሊተፋ እንደሚችል አስታውስ። የውስጡ ሾጣጣ ሰማያዊና ጥርት ያለ፣ ድምፁ ወጥ የሆነ ነበልባል ነው የምትፈልገው።

ወደ ኩሽናው ሲሊንደር እንሂድ። የምድጃ ሬጉላተር ግፊቱን ወደ 30 ሚሊባር፣ ማለትም 0.03 ባር፣ ያወርደዋል። ለምድጃ ያ ልክ ነው። ቶርች ግን እንደ ዓይነቱ ከግማሽ ባር እስከ ሁለት ባር፣ ትልልቁ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ቶርቹን በምድጃ ሬጉላተር ላይ ስታስር ነበልባሉ ይልፈሰፈሳል፣ አየርም አይስብም፤ ከዚያ «ኤልፒጂ ለአልሙኒየም አይሆንም» ይባላል። ይህን ወሬ ስትሰማ መጀመሪያ የምትጠይቀው በየትኛው ሬጉላተር እንደሞከሩት ነው።

ስለዚህ የምትገዛው፦ ግፊቱ የሚስተካከል የኤልፒጂ ሬጉላተር፣ ለጋዝ የተሠራ ጎማ (የውሃ ጎማ አይሆንም፣ ጋዙ ጎማውን እያደረቀ ይሰነጥቀዋል)፣ በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ፣ እና አፉ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቶርች። ጣሪያ ላይ ሬንጅ የሚያቀልጡበት ትልቁ ለአንተ በዝቷል። ሬጉላተር አያስፈልግም፣ በቫልቩ ትቆጣጠረዋለህ የሚል አይጠፋም። ፕሮፔን በ10 ዲግሪ እንኳ ሲሊንደር ውስጥ ከ6 ባር በላይ ነው። ያ ሁሉ ጎማህ ላይ ሲመጣ ማሰሪያው ይዞ መቆየቱን አትተማመንበት።

አሴቲሊንን ለምን እንደተቃወምኩ ላስረዳ። ጋዙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አልሙኒየምን በአሴቲሊን አሳምረው የሚበይዱ ሰዎች አውቃለሁ። ራዲያተር የሚጠግኑ ሰዎች ከዚህ ሌላ ላይዙ ይችላሉ። እነሱ ግን ትልቅ አፍንጫ ያስገባሉ፣ ግፊቱን ያወርዳሉ፣ ጋዝ ትንሽ በዝቶበት ለስለስ ያለ ነበልባል ይሠራሉ፣ ሰማያዊውን ሾጣጣ ከእቃው ያርቃሉ። ማለትም ያን ሁሉ ሙቀት ከፍለውበት መልሰው ያለሰልሱታል። ለጀማሪ ችግሩ የአልሙኒየም ዝምታ ነው። ብረት ሲሞቅ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካን ይሆናል፣ ያስጠነቅቅሃል። አልሙኒየም በቀን ብርሃን ምንም ቀለም ሳይለውጥ ቆይቶ በድንገት ይናዳል። በ3100 ዲግሪ ነበልባል «ደርሷል» እና «ወድቋል» መሃል ያለህ ጊዜ ዓይን እንደመጨፈን ነው። በለስላሳና ሰፊ የኤልፒጂ ነበልባል ግን ፋታ ታገኛለህ።

ሌላው የቤት ነገር ነው። አሴቲሊን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሲሊንደር በደረጃ ልታወጣ ነው። አሴቲሊን ሲሊንደሩ ውስጥ በአሴቶን ተሟሙቶ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ቆሞ መኖር አለበት። ከሬጉላተሩ የሚወጣው ግፊት ከ1 ባር ማለፍ የለበትም፣ ከዚያ በላይ አየር ሳይነካው በራሱ ሊፈነዳ ይችላል። በንጹሕ መዳብ ቱቦ አይተላለፍም፣ ፈንጂ የሆነ ውህድ ይፈጥራል። ኦክስጅኑ በበኩሉ ዘይትና ቅባት ከነካ ዘይቱን ሊያቀጣጥለው ይችላል። ካርባይድ በውሃ እያፈላህ አሴቲሊን የምታወጣበትን በርሜል ደግሞ ልጆች የሚሯሯጡበት ኮሪደር ላይ እንዳታስበው። ጋራዥ ውስጥም ልቤ አይወደውም።

በውጭ አገር ቪዲዮ የምታያት ቢጫዋ ቆርቆሮስ? ማፕ ትባላለች። የጥንቱ ማፕ ጋዝ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ መመረቱ በ2008 ቆሟል። አሁን በዚያ ስም የሚሸጠው በአብዛኛው ፕሮፒሊን ነው። ነበልባሏ ከፕሮፔን በጥቂት አሥር ዲግሪ ቢበልጥ ነው፤ ጥሩ ናት፣ ግን ለአልሙኒየም ታሪክ አትለውጥም። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ አስመጣለሁ ካልክ ደግሞ አይሆንም። ተቀጣጣይ ጋዝ በመንገደኛ አውሮፕላን ሻንጣ ክልክል ነው። ይልቅ ጥሩ ዘንግና ጥሩ ፍለክስ (ዘንጉ እንዲይዝ የአልሙኒየሙን ሽፋን የሚያነሳ ዱቄት) አስልክ። ገንዘብህ ሥራ ላይ የሚውለው እዚያ ነው። ለፍለክሱም ቢሆን ላኪው የአየር መንገዱን ደንብ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ተድበለበለው ዘንግ። የእኔ ግምት ነበልባሉን ዘንጉ ላይ አድርገሃል። ሁሉም ጀማሪ የሚያደርገው ነው። ዘንጉ ቀጭን ስለሆነ ወዲያው ይቀልጣል፣ ከሥሩ ያለው እቃ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ነገር ላይ የቀለጠ ዘንግ ኳስ ሆኖ ይንከባለላል። ዘንጉን ማቅለጥ ያለበት ነበልባሉ ሳይሆን እቃው ራሱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ እቃውን ከጀርባው ወይም ከጎኑ ታሞቃለህ፣ ነበልባሉን እያንቀሳቀስክ፣ ወፍራሙን ክፍል አብልጠህ። በየመሃሉ እሳቱን ዘወር አድርገህ ዘንጉን መገጣጠሚያው ላይ ትነካካለህ። ካልቀለጠ ትመልሳለህ። እቃውን ነክቶ በራሱ ሲቀልጥ ደርሷል ማለት ነው።

ያም ሆኖ አሁንም ላይዝ ይችላል፤ ምክንያቱ የኦክሳይድ ሽፋኑ ነው። አልሙኒየም አየር እንደነካው በዓይን በማይታይ ቆዳ ይሸፈናል። ይህ ቆዳ የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ በእሳት አታሸንፈውም፣ በአሴቲሊንም ቢሆን። ከሥሩ ያለው አልሙኒየም ሁሉ ቀልጦ ሲያልቅ ቆዳው እንደ ከረጢት ይዞት ይቆያል። የምታሸንፈው በሁለት መንገድ ነው፤ በመፋቅ ወይም በፍለክስ።

በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል ተብለህ የገዛኸው አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ የበዛበት ነው። ከእነዚህ አንዳንዱ በ380 እና 390 መሃል ይቀልጣል። አልሙኒየም የተጨመረበት ደግሞ እስከ 480 ገደማ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ያለ ፍለክስ በመፋቅ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ቅባቱን በሳሙና ወይም በአሴቶን አጥበህ፣ በደንብ ታደርቀዋለህ። ከዚያ አልሙኒየም ብቻ በሚነካ የማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ታሻሸዋለህ። ብረት የነካ ብሩሽ ብናኙን ያስተላልፋል። እቃው ሞቆ የመጀመሪያው ጠብታ ሲቀልጥ፣ ከጠብታው ሥር በማይዝግ ሽቦ ወይም በዘንጉ ጫፍ ቦታውን ጫር ጫር ታደርገዋለህ። ቆዳው በቀለጠው ዘንግ ተሸፍኖ ሲፋቅ አየር አያገኝም፣ መልሶም አይበቅልም። በዚያች ቅጽበት ጠብታው ተለጥጦ ይተኛል። ቪዲዮው ላይ ይህችን ጫር ጫር ቶሎ ስለሚያልፏት ነው ሰው ሁሉ ዘንጉን የሚሳደበው።

ሁለተኛው ዓይነት ዘንግ አልሙኒየም ከ12 በመቶ ሲሊከን ጋር ነው። የቅይጥ መለያ ቁጥሩ 4047 ነው፤ ቀጥለው የሚመጡት 3003፣ 6063 እና 6061ም የአልሙኒየም ቅይጥ መለያዎች ናቸው። በ577 መቅለጥ ይጀምርና በ582 ፈጽሞ ፈሳሽ ይሆናል። ጥንካሬውም ቀለሙም ከአልሙኒየሙ ጋር ይሄዳል፣ ዝገትንም ከዚንኩ ይልቅ ይቋቋማል። ግን ጠባብ ድልድይ ላይ ያራምድሃል። ብዙ ላሜራ የሚሠራበት 3003 መቅለጥ የሚጀምረው 643 ላይ ነው፤ 60 ዲግሪ ትርፍ አለህ። የመስኮት ፍሬም የሚሠራበት 6063 ግን 616 አካባቢ ይጀምራል፤ የቀረህ ወደ 35 ነው። 6061 ጭራሽ 582 ላይ ይጀምራል፤ ዘንጉ ቀልጦ ሲያልቅ እቃውም ጀመረ ማለት ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የጋዝ ምርጫህ ለምን ወደ ለስላሳው እንደሚያዘነብል ታያለህ። 6061 ከሆነ በዚህ ዘንግ አትሞክረው።

4047 ያለ ፍለክስ አይሠራም። ጨው ያለበት ፍለክስ ኃይለኛ ነው፣ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ካልታጠበ አልሙኒየሙን ይበላዋል። ፖታሲየም፣ አልሙኒየምና ፍሎራይድ ያለበት ሌላው ዓይነት ከ565 እስከ 572 ባለው ይቀልጣል፣ ቅሪቱም አይበላም። ሲዚየም የተጨመረበት ደግሞ ከ420 ጀምሮ ስለሚቀልጥ ለዚንኩ ዘንግ ይስማማል። እቃው ማግኒዥየም ከበዛበት ግን ተራው ፍለክስ ይሸነፋል። የመስኮት ፍሬም የሚያስቸግርህ በሁለቱም ምክንያት ነው።

ከምናለሽ ተራ የምታገኘውን ከውድቅዳቂ የተጣለ አልሙኒየም፣ ድስት ይሁን ሌላ፣ ለልምምድም አልመክርህም። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። አንዱ በደንብ ይቀበልሃል፣ ጎረቤቱ ከዘንጉ ቀድሞ ይቀልጣል፤ አንተ ደግሞ ጥፋቱን ከራስህ ትፈልጋለህ። የሚታወቅ ላሜራ ወይም አዲስ ቱቦ ግዛና ተለማመድ። የምግብ ድስት በዚንክ ዘንግ መጠገን ደግሞ ፈጽሞ አይሁን። ቲማቲምና ሎሚ ዚንክ ያሟሟሉ።

ሙቀቱን በምን ታውቃለህ? ፍለክስ ከተጠቀምክ እሱ ይነግርሃል። መጀመሪያ ነጭ ዱቄት ነው፣ ከዚያ ጥርት ብሎ እንደ ውሃ ይሆናል። ውሃ ሲመስል ቀርበሃል፣ ዘንጉን አቅርብ። ያለ ፍለክስ በዚንክ ስትሠራ ደረቅ የልብስ ሳሙና ከመገጣጠሚያው ራቅ አድርገህ እቃው ላይ ጫር። ሳሙናው ቡናማ ሆኖ ወደ ጥቁር ሲያልፍ ወደ 400 ዲግሪ አካባቢ ነህ። መገጣጠሚያው ላይ ግን እንዳታደርገው፣ ቆሻሻ ይሆንብሃል። ጥላ ያለበት ቦታ ሥራ፣ በጠራራ ፀሐይ የዘንጉን መለጠጥ አታየውም።

እቃውን በሞርሳ አጥብቀህ አትያዝ። ሞርሳው ሙቀቱን ሁሉ ይጠጣል። ደረቅ ሸክላ ጡብ ላይ አስቀምጠው፣ ከኋላና ከጎን ሌላ ሁለት ጡብ አቁም። ሙቀቱ ይመለስልሃል፣ የጋዝህ ወጪም ይቀንሳል። በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ እሳት አታብራ። ሲሚንቶ የያዘው እርጥበት በእንፋሎት እየፈነዳ ፍንጣሪ ይወረውራል።

በረንዳ ካልክ አይቀር። ኤልፒጂ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ። ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል፣ ወደ ፍሳሽ ቀዳዳ ይወርዳል፣ ከአንተ በታች ያሉ ጎረቤቶች ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ፍሳሽ አጠገብ አይቁም። ከማብራትህ በፊት ማያያዣዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ እይ። ስትጨርስ መጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጋ፣ ጎማው ውስጥ የቀረው ነዶ ይለቅ፣ ከዚያ ቶርቹን ዝጋ። የፍለክሱ ጭስ ፍሎራይድ ስላለበት ሳንባህን ያቃጥላል፤ ነፋሱ ከአንተ እንዲወስደው ቁም። መስኮቱ ከተዘጋ ክፍል ውስጥ አትሥራ። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ምን እንደሚል አንተ ታውቃለህ። በእኔ አስተያየት ለልምምድ እንኳ ግቢ ያለው ጓደኛ ጋ መሄዱ ይሻላል።

አሁን የእናትህ ፍሪጅ። ኮምፕሬሰሩ ላይ ወይም ከጀርባ የተለጠፈውን ታርጋ አንብብ። አር600ኤ ካለ፣ ወይም ቢጫ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የእሳት ምልክት ካየህ፣ ውስጡ ያለው የማቀዝቀዣ ጋዝ አይሶቡቴን ነው። ተቀጣጣይ ነው፣ በቶርችህ ካለው ብዙም አይለይም። መጠኑ ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ቢሆንም፣ አየር ውስጥ 1.8 በመቶ ከሆነ መቀጣጠል ይጀምራል። በሩ በተዘጋ ፍሪጅ ሳጥን ውስጥ ለመፈንዳት ይበቃል። የተበሳ ስለሆነ ሁሉም ወጥቷል ብለህ አትመን፣ በኮምፕሬሰሩ ዘይት ውስጥ የተሟሟ ይቀራል። አር134ኤ ከሆነ አይቀጣጠልም፣ ነገር ግን ነበልባል ውስጥ ሲገባ መርዛማ አሲድ ጋዝ ይሆናል።

በዚያ ላይ የፍሪዘሩ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀጭን ላሜራ ተጣብቆ መሃሉ ለጋዙ መንገድ የተነፋለት ነው። ከኋላው ፕላስቲክና ፎም አለ። እዚያ ላይ ነበልባል ማቅረብ ልምድ ያለውም የሚፈራው ነው። ለቢላ ቀዳዳ ትክክለኛው ሁለት ክፍል ያለው የብረታ ብረት ማጣበቂያ፣ ኤፖክሲ፣ ነው። ጋዙ ከቤት ውጭ ይለቀቅ፣ መስመሩ በናይትሮጅን ይጠረግ፣ ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ሻክሮ በአሴቶን ይጠረግ፣ ኤፖክሲው ተቀብቶ መመሪያው የሚለውን ያህል ይድረቅ። ፍሪጁ ሲሠራ የዚያ ጎን ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ አር600ኤ ሲቆምም በክፍል ሙቀት 3 ባር ገደማ ነው። ኤፖክሲ በደንብ ይይዘዋል።

ወደፊት ቶርች የምትፈልገው የፍሪጅ ሥራ የመዳብና የአልሙኒየም ቱቦ ማያያዝ ነው። እዚያ 4047 አትጠቀም። መዳብና አልሙኒየም ሲነካኩ በ548 ዲግሪ አብረው ይቀልጣሉ፤ ዘንጉ ገና ሳይቀልጥ መገጣጠሚያው ይሟሟል። ለእሱ የዚንኩ ዘንግ ከሲዚየም ፍለክስ ጋር ነው። መዳቡን አብልጠህ አሙቅ፣ ፈጥነህ ጨርስ። ለዚህ ሥራ የቡቴን ቶርችህ ከበቂ በላይ ነው፤ ትልቁን ቶርች ሳትገዛ በእሷ መጀመር ትችላለህ።

ሥራህን ስትፈትሽ በናይትሮጅን ብቻ ሙላ፣ ታርጋው ላይ ለዚያ ጎን ከተጻፈው ግፊት አትለፍ፣ ከዚያ አረፋ ቀባ። ናይትሮጅን ስለጠፋ ኦክስጅን የሚሞላ ሰው ካየህ አቁመው፤ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ከኦክስጅን ጋር ይፈነዳል። አረፋው ካልተነፋ ማጣሪያውን ቀይር፣ በቀዳዳው የገባው እርጥበት እንዲወጣ መስመሩን በቫኪዩም ፓምፕ በደንብ ሳበው፣ ጋዙንም በሚዛን ሙላ። ፓምፑና ሚዛኑ ከሌሉህ ለዚህ ክፍል ብቻ የምትማርበት ቤት ውሰደው።